ክዳኑ ያላለቀ መሶብ

መርዶውን የሰማሁት ሐረር፣ ጎረቤቶቼ በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጄ ላይ ሲቆሙ ነው። እናቴ አርፋ፣ ተቀብራ፣ ሰልስቷም ወጥቶ ነበር። «ሩቅ ናት፣ ብቻዋን እንዳትሰማ» ብለው ነው አሉ ዘመዶቼ የደበቁኝ።

ጀጎል ውስጥ ወዳለው ሙዚየም የገባሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች መካከል ጠርዙ ያላለቀ አንድ ነበር። አስጎብኚዋን «ምነው አልጨረሱትም?» አልኳት።

«የምትሰፋው አኼራ ሄዳ ነዋ፣ እህቴ! የሌላ ሰው እጅ ቢገባበት ያስታውቃል።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ ስንደዋወል «መሶብሽ ክዳኑ ብቻ ቀረው» ብላኝ ነበር። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር።

በለቅሶዋ ላይ የነበራችሁ፣ ያንን ክዳን ማን አነሳው? አደራችሁን፣ ልጨርስላት አትበሉ። ወስፌው እንደተሰካበት አስቀምጡልኝ።