መስቀሉ የጠፋበት ቤተ ሙከራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ የቁልፍ ዘለላቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤተ ሙከራው ወሰዱኝ። በሩ አልከፈት ብሎ ሁለታችንም በትከሻ ገፋነው። እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። ከዴስኮቹ ጀርባ ካርቶናቸው እንኳ ያልተከፈተ ቢከሮች፣ ፍላስኮችና መለኪያ ሲሊንደሮች ነበሩ። «እንግዲህ መምህር ተስፋዬ፣ እንደሚያዩት ዕቃው የተሟላ ነው፤» አሉኝ። መቼ መጠቀም እንደምችል ስጠይቃቸው በመገረም አዩኝ። «ብርጭቆ እኮ ነው፤ ይሰበራል!» አሉና መልሰው ቆለፉት።

የወሎዋ መካነ ሰላም እንዲህ አድርጋ ተቀበለችኝ። ያኔ ጸጉሬ ጥቁር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተፈራረቁትን ርዕሳነ መምህራን ሁሉ አላስታውሳቸውም፤ ቁልፉን ግን እየተቀባበሉ በደንብ ጠብቀውታል።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ከኬሚስትሪም የምወደው ስለ አጸግብሮት ፍጥነት የሚያወራውን ምዕራፍ ነው። አጸግብሮት ማለት ንጥረ ነገሮች ተገናኝተው ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡበት ሂደት ነው። አንዳንዱ እንደ ክብሪት ቦግ ይላል፤ አንዳንዱ እንደ ቆርቆሮ ዝገት ዓመታት ይፈጃል። ምዕራፉ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ያስረዳል። ደግሞም ሰዓትና ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ሊለካው ይችላል። እኔ ግን ይኼን የሚለካ ነገር ስንት ዘመን ሙሉ በጠመኔ ብቻ አስተማርኩት።

መሐል ላይ ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን ተተከለና ትምህርቱን ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚሰጥ ሰው ብቅ አለ። የእኛ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ሰውየው በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ይጠይቅና መልሱን ሳይሰማ «ጎበዞች!» ይላል። ክፍሉ ውስጥ አፉን የከፈተ ልጅ የለም። አንድ ቀን የአጸግብሮት ፍጥነት ሙከራ ሊያሳየን አንዱን ፈሳሽ ከሌላው ላይ ማፍሰስ ሲጀምር መብራት ሄደ። ሲመጣ ሌላ ምዕራፍ ላይ ደርሷል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «መምህር፣ ምን ሆነ መጨረሻው?» አለኝ። «እኔም እንዳንተው አላየሁትም፤» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ተናደድኩ።

ቁልፉን በመጨረሻ የሰጡኝ ወይዘሮ ሙሉ ናቸው። ርዕሰ መምህርት ሆነው በተሾሙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠርተው፣ «ዴስኮቹን ላስወጣልዎት፤ የቀረውን እርስዎ ይወጡት፤» አሉኝ። ደግመው እንዳያስቡበት ፈርቼ በዚያው ቀን ማጽዳት ጀመርኩ።

ያሰብኩት ሙከራ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ጨውና አሲድ። ሁለቱ ሲገናኙ ድኝ ይፈጠርና ጥርት ያለው ውኃ እየደፈረሰ ይሄዳል። ከቢከሩ ሥር ምልክት ያለበት ወረቀት ይቀመጣል። ከላይ እያዩ፣ ምልክቱ ከዓይን እስኪሰወር ያለውን ጊዜ መያዝ ነው። ውኃው ሲሞቅ ቶሎ ይሰወራል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ከዚያ ልኬቶቹን ግራፍ ላይ ማስፈር ነው።

ጨዉን ያገኘሁት ከጋሽ አበራ ነው፤ የከተማው የድሮ ፎቶ አንሺ ናቸው። እሳቸው ሃይፖ ይሉታል፤ ፎቶ በጨለማ ክፍል ይታጠብ በነበረበት ጊዜ ይሠሩበት ነበር። «ውሰደው፣ ሁሉንም ውሰደው! ሰው ሁሉ ፎቶ ቤቱን በኪሱ ይዞ እየዞረ እኔ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል!» ብለው የታሸጉ ቆርቆሮዎች አሸከሙኝ። አሲዱን ከጋራዥ አመጣሁ፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ነው። አሲድ በውኃ ላይ እንጂ ውኃ በአሲድ ላይ እንደማይጨመር ለልጆቹ እያሳየሁ አቀጠንኩት።

የሙከራው ቀን የድኙ ሽታ እንዳይጎዳቸው መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን። የመካነ ሰላም ብርድ ገብቶ ልጆቹ ጋቢና ሻርፓቸውን ጠቅልለው ቆሙ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ወደ አማርኛ መለስኩና፣ «ወረቀቱ ላይ መስቀል ሣሉ፤» አልኩ። ሁለት መስመር አቋርጡ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ሌሎቹ ቡድኖች ጫር ጫር አድርገው ጨረሱ።

ከድጃ ግን አልጨረሰችም። ከድጃ ከከላላ ገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ክፍሉን አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። መስቀል ሣሉ ስትባል ያሰበችው የክርስቲያን ጎረቤቶቿን መስቀል ነው። በማስመሪያ አስምራ፣ ጫፎቹን አዙራ፣ መሐሉን በሐረግ ሞልታ፣ ነጠላ ጥለት ላይ እንዳየችው አድርጋ ትሥላለች። «ከድጃ፣ ሌላው እኮ ጨርሷል፤ ምን ያለፋሻል?» አልኳት። «ኧረ መምህር፣ የሰው ነገር ነው። ተንሻፎ ቢሣል ነውር አይደለም?» አለችኝ።

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ሠሩ። ደመናው ቀስ እያለ ሲወጣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩ። ቀጥሎ ሌላ የጨው ውኃ አሞቅን። ከድጃ አሲዱን ጨመረች፤ ቢከሩ ወዲያው እንደ ወተት ነጣ። «ጠፋ! መስቀሉ ጠፋ! ወላሂ ቶሎ አጠፋነው!» ብላ ዘለለች። አንዷለም የሚባለው የቡድኗ ልጅ ለሪፖርታቸው ብሎ በስልኩ ይቀርጽ ነበር።

«ሲሞቅ ለምን ፈጠነ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከድጃ እጇን አወጣች። «በገበያ ቀን ሰው ሲራወጥ መጋጨት ይበዛል። ቅንጣቶቹም ሲሞቁ ይራወጣሉ፣ ይጋጫሉ።» «መጋጨት ብቻውን ይበቃል?» አልኳት። «አይበቃም። በኃይል ካልተጋጩ አፉ ተባብለው ይተላለፋሉ፤» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ዩኒቨርሲቲም አልሰማሁም። የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አልደብቅም።

አንዷለም ቪዲዮውን የክፍላቸው ቴሌግራም ላይ ጣለው። ለሳቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ከዚያ ማን አንሥቶ የት እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ተመልሶ እኔ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። የእኔ ድምፅ የለም፤ ጥያቄው የለም፤ ገበያው የለም። ያ ያማረ መስቀል፣ በላዩ የሚወጣው ነጭ ደመና፣ ሻርፕ የለበሰች ልጅ፣ «መስቀሉ ጠፋ! አጠፋነው!» የሚል ድምፅ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ ወረዳችንን ቦረናን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ መስቀል ማጥፋት እየተማሩ ነው ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በታች፣ ማን ናት፣ የት ነው የምትኖረው የሚሉ ሰዎች ተሰልፈዋል።

ወይዘሮ ሙሉ ቢሮ ተጠራሁ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ ኃላፊ፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ተቀምጠዋል። ኃላፊው ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ «አንተ» ብሎ ጀመረኝ። «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?»

«ክርስቲያን ነኝ።»

«አባትህ ግን ይማም ነው የሚባለው።»

«አዎ፣ አባቴ ሙስሊም ነበር። እናቴ ክርስቲያን ናት።»

«ታዲያ አንተን በየትኛው እንያዝህ?»

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ይኼን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሼሁ ናቸው ያወጡኝ። «ልጄ፣ የየት አገር ሰው ነህ? ይኼ ወሎ ነው! በዚህ ማጣራት ከጀመርን እዚህ ቤት ማን ሊተርፍ ነው?» አሉት። ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከማውራት ላሳያችሁ አልኩና ዕቃዎቹን አስመጣሁ። ከድጃ የሣለችውን ያንኑ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ቢከሩን በላዩ አድርጌ አሲዱን ጨመርኩ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ደመናው ሸፈነው። «የት ሄደ?» አሉ ቄሱ። «የትም አልሄደም አባታችን፤» አልኩና ቢከሩን አነሣሁት። መስቀሉ እንደነበረ አለ። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት። «ይኼን የሣለችውን ልጅ አምጡልኝና ልመርቃት። የእኛዎቹ እንኳ እንዲህ አድርገው አይሥሉም፤» አሉ። ሼሁ ሳቁ። እኔም አለፈልኝ ብዬ ተነፈስኩ።

ኃላፊው ወረቀቶቹን ሰብስቦ ተነሣ። «ጉዳዩ ተጣርቷል፤ ጥፋት አልተገኘም። ሆኖም ካለው ሁኔታ አንጻር ቤተ ሙከራው ለጊዜው ይታሸግ።»

«ጥፋት ካልተገኘ ለምን ይታሸጋል?»

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«እሷም ለጥንቃቄ ለጊዜው ቤተሰቧ ዘንድ ብትቆይ ይመረጣል።»

ወይዘሮ ሙሉን አየኋቸው። ጠረጴዛቸውን ያያሉ። ቄሱ ሊናገሩ ጀምረው ነበር፤ ኃላፊው በአክብሮት እጅ ነሥቶ ወጣ። በቢሮ አማርኛ «ለጊዜው» ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

አባቷ በማግሥቱ በቅሎ ይዘው ከከላላ መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። እኔ እንደሚቆጡ ገምቼ ነበር፤ እሳቸው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «እርስዎን አልወቅስም መምህር። አስተምረውልኛል፤ አላህ ይስጥዎት።»

ለመንኳቸው። ቄሱ ሊመርቋት እንደፈለጉ፣ ሼሁ ለኃላፊው ያሉትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ሰምቻለሁ። ሁለቱም ሰው ልከውብኛል። እዚህ ያለው ሰው ያውቃታል፤ እሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የማያውቃት ነው። ፊቷ ስልኩ ላይ አለ። ሰው ይረሳል መምህር፤ ስልክ አይረሳም።»

«እኔ ቤት ትሁን። ከልጆቼ ጋር ትተኛለች፣ ከልጆቼ ጋር ትመጣለች። ዓመቱን ብቻ ትጨርስ፤» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ፤» አሉኝ። ነገሩን ለመዝጋት ያሉት መሆኑን ድምፃቸው ይናገራል።

ከድጃ ደብተሮቿን በሻርፕ ጠቅልላ በቅሎዋ አጠገብ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። «ቤተ ሙከራው ሲከፈት ይነግሩኛል መምህር?» አለችኝ። እነግርሻለሁ አልኳት።

አልነገርኳትም፤ አልተከፈተምና። ደጋግሜ አመለከትኩ፤ መመሪያ ከላይ እየተጠበቀ ነው ተባልኩ። አንዷለም ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ አምኖ ከከድጃ በኋላ ራሱን አልሆነም፤ የተቆረጠውን ቪዲዮ ከየቦታው ለማስነሣት ሲለምን ከረመ። ወይዘሮ ሙሉ ተዛወሩ። የተሰበሩት ዴስኮችም ቦታቸውን አግኝተው ገቡ። ከድጃ ፓስፖርት አውጥታ ዐረብ አገር መሄዷን የሰማሁት ገበያ ላይ ከአንድ የከላላ ሰው ነው። እዚያው ቆሜ ሰውየው ላይ ጮህኩበት። ምን አደረገኝ? ምንም። የምጮህበት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

ምዕራፉን አሁንም በጠመኔ አስተምራለሁ። ሙቀት ሲጨምር የአጸግብሮት ፍጥነት ይጨምራል እላለሁ፤ ይጽፋሉ። ፈተና ላይ ይመጣል፤ በትክክል ይመልሳሉ። ሲፈጥን ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። በዚህ እበሳጫለሁ፤ ዕድሜዬ ሲገፋ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ አልበረደም።

ባለፈው ዓመት ከማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ከኋላው ውኃ ሲንዠቀዠቅ ይሰማል። «አሰላሙ ዐለይኩም መምህር፣ ከድጃ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። እመቤቲቱ የመጸዳጃ ቤቱን አሲድና በረኪናውን በፈላ ውኃ በጥብጠሽ እጠቢበት አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሁለቱ ከተገናኙ መርዝ ጋዝ ይወጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፣ ይፈጥናል ልላት ነበር፤ በዐረብኛ አልመጣልኝም። ሰነፍ ናት ብላ ላስቀጠረኝ ወኪል ልትደውል ነው። ትክክል ነኝ አይደል መምህር?»

ወዲያው መለስኩላት። «ትክክል ነሽ። እንዳታቀላቅዪ፤ አንዱን ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውኃ። መስኮቱን ክፈቺ። ልክ ነሽ፣ ልጄ።»

ቆይታ ጻፈችልኝ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው አልረሳሁትም።»

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አይሠራም። ለወኪሉ ተደውሎ ምን እንደደረሰባት አላውቅም። አባቷንም ጠይቄ ነበር፤ እሳቸውም አያውቁም።

ወደ ወረዳችን የሚመደቡ ወጣት የኬሚስትሪ መምህራን አንዳንዴ ስለዚህ ሙከራ ይጠይቁኛል። በሩን ካስከፈታችሁ ሥሩት እላቸዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን መስቀል አታሥሉ፤ ነጥብ አድርጉ። በነጥብም እኩል ይሠራል።