አምስት ሚዜ፣ አንድ መላጣ

ዕድሜ ልኬን ያስቸገረኝ ጠላት ከውጭ አልመጣም፤ እዚሁ ከአፍንጫዬ ሥር ነው የሚኖረው። አፌ ነው።

ያረጀሁት አዳማ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው። ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ ግን የተበላሸ ነገር ይዞ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ በሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ላይ "ይሄኛው ሞተሩ ታሟል" እያልኩ እፈርዳለሁ፤ ባለባጃጁ አልጠየቀኝም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ልጄ ለአምስቱ ሚዜዎቿ የምትሰጠውን የዶቃ ሐብል በስልኳ ስትፈልግ፣ አንዱም አልጥም ብሏት ስትነጫነጭ፣ ዘልዬ ገባሁ።

"እኔ እሠራዋለሁ።"

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቀች። ልጄ ግን ስልኳን አስቀመጠች። "እውነትህን ነው አባዬ? በቃ አንተ ሥራልኝ።"

ከስንት ዓመት በኋላ ሥራ የሚሰጠኝ ሰው ተገኘ። ይህን ካበላሸሁ ሌላ እንደማይመጣም ልቤ ያውቀዋል።

ገበያ ወርጄ ዶቃ ሻጯ ፊት ተገተርኩ። "አካም ጂርቱ አባባ? ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለሚዜዎች።"

ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። "ሙሽራው እርስዎ ነዎት?"

"ብሆንስ ምን ይገርምሻል?"

"እኔስ ለሙሽሪት ነው የማዝነው" አለች፣ ቀዩንና ነጩን እየሰፈረች።

የዶቃ ቀዳዳ እንዲያ ጠባብ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዶቃ ደግሞ እንደ ብሎን አርፎ አይቀመጥም፤ ይሸሻል። አንዱን ስይዝ ሁለቱ ያመልጣሉ፤ ሁለቱን ለማንሳት ጎንበስ ስል መነጽሬ ይወድቃል፤ መነጽሬን ስፈልግ ዶቃውን እረግጣለሁ። ባለቤቴም በየቀኑ ሪፖርት ታቀርባለች፦ "ዛሬ ደግሞ ከሽሮው ውስጥ ቀይ አገኘሁ። ጥርሴን ብሰብር ትበይደዋለህ?"

የጥጥ ክሩ እየተበጠሰ ቢያስቸግረኝ የዝዋይ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ናይለን ገዛሁ። ናይለን ደግሞ ቋጠሮ አያከብርም፤ ቋጥሬው ዞር ከማለቴ ይፈታል። በመጨረሻ የድሮውን የሬዲዮ መበየጃዬን አግዬ ጫፍና ጫፉን አቅልጬ አጣበቅኩት። በእኔ ሙያ ትልቁ ኃጢአት የሚላቀቅ ሽቦ ነው። አምስቱንም እንዳይላቀቁ አድርጌ ዘጋኋቸው። ልኩንም ከራሴ አንገት ወሰድኩ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሚዜዎቹ ቀሚስ ሊለኩ ቤታችን መጡ። ሐብሎቹን በትሪ ደርድሬ፣ እንደ ጳጳስ እየተራመድኩ አቀረብኩ። "ውይ ሲያምር!" ተባለ። አንዷ አንስታ በራሷ ላይ አጠለቀችው። ግንባሯ ላይ ቆመ።

"አባባ፣ መክፈቻው በየት በኩል ነው?"

"መክፈቻ?" አልኩ። ያለ ይመስል ከእጇ ተቀብዬ ዙሪያውን ፈለግሁ። "ምን መክፈቻ! ፀጉራችሁ ነው እንጂ! ጎተራ ተሸክማችሁ እየዞራችሁ በዶቃዬ ታሳብባላችሁ?"

"አባዬ፣ ተው" አለች ልጄ።

መች ተውኩ! ለማስረጃ ያህል መላጣዬን አቀረብኩ። ናይለኑ እየተለጠጠ በግንባሬ ወረደ፣ አንድ ጆሮዬን አጠፈ፣ አፍንጫዬን ጨፈለቀ፣ አንገቴ ላይ ደረሰ። "ይኸው!" አልኩ። ከዚያ ላወጣው ሞከርኩ። አገጬ አላሳልፍም አለ።

ልክ ያን ጊዜ ጎረቤታችን ለሠርጉ ሽንኩርት ልትልጥ ቢላዋዋን ይዛ ገባች። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ሰው ዶቃ አንገቱ ላይ ካሰረ ከቃልቻ ቤት ነው የመጣው። አማተበች። "በስመ አብ! ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጨሌ አሰሩ?"

"የያዘኝ ዛር አይደለም፣ ናይለን ነው!"

ሚዜዎቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም፤ ትሪውን ታያለች። ከዚያ ፊቷ የዛር ቤት ይሻለኝ ነበር። "ሌላ ግዢ፤ ገና ሦስት ቀን አለ" አልኳት። ቀልድ ልጨምርበት ፈልጌ አጣሁ።

መቀስ ይዛ ከኋላዬ መጣችና ናይለኑን ቆረጠችው። ዶቃው በሸሚዜ ገብቶ በሱሪዬ እግር እየተንጠባጠበ ወጣ። የቀሩትንም አራቱን ትሪው ላይ ቆራርጣ በተነቻቸው። "ሁላችሁም ተቀመጡ። ከኋላ በሪባን እናስረዋለን። አባዬ፣ አንተ ንገረን፤ እኛ እንሰካለን።"

"እኔስ?"

"አንተ አለቃ ነህ።"

ሥራውን ለተነጠቀ ሰው የሚሰጠው ሹመት ይህ ነው። "ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ" እላለሁ። "እሺ አባባ" ይሉና ሦስት ቀይ ሰክተው ስለ ቅንድብ ያወራሉ። አልቻልኩም። የአምስተኛውን ሐብል ዶቃ ከአንድ መርፌና ከወፍራም ክር ጋር ወደ ራሴ ሰበሰብኩ።

ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባም። ላስኩት፣ አልገባም። ብርሃን ላይ አነሳሁት፤ መርፌው ሁለት ሆነ፤ በሁለቱም አልገባም። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ወሬዋን ሳታቋርጥ መርፌውን ከእጄ ወሰደች፣ ክሩን አስገባች፣ መልሳ ጣቴ ላይ አስቀመጠችው። ዞራም አላየችኝ። አፌ ላይ የደረሰ አንድ ጥሩ ስድብ ነበረኝ፤ ዋጥኩት።

እነሱ አራቱን ጨርሰው፣ ምሳ በልተው፣ ቀሚስ ለክተው ሲመለሱ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነበርኩ። ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ። አንድም ሳላሳስት ጨረስኩት።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው እናት የሚዜዎቹን አንገት እያየች "ይሄ ዶቃ ከየት ነው የተገዛው?" ብላ ጠየቀች።

"አባቴ ነው የሠራው" አለች ልጄ። "አምስቱንም።"

አምስቱም ሚዜዎች ዞረው አፈጠጡብኝ። እኔም ከረባቴን አስተካክዬ፣ "መቼም ዓይን ይጨርሳል" አልኩ።