ጉልበተኛው ላፕቶፕ

የውሃ መሐንዲስ ሆኜ ጅግጅጋ እንደተመደብኩ ላፕቶፕ ልገዛ ድንበር ላይ ወዳለው የቶጎጫሌ ገበያ ሄድኩ። ነጋዴው «መንገድ ይበዛብሃል፣ ቀላሉን ውሰድ» አለኝ። እኔ ግን የጉድጓድ ንድፍ የሚከፍተው ጉልበት ያለው ነው ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ቻርጀሩ ብቻ ጡብ የሚያክለውን ገዛሁ።

በመጀመሪያው ወር ጭኔ ላይ አስቀምጬው በሚኒባስ ቱሊ ጉሌድ አካባቢ ወዳለ አንድ መንደር ወሰድኩት። መንደሩ መብራት የለውም። ሽማግሌዎቹ ንድፉን ሊያዩ ዛፍ ስር ከበቡኝ። ፋይሉ ተከፍቶ ሳያልቅ ባትሪው አለቀ።

አማርኛ የሚችሉት አዛውንት ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ካንተ በፊት የመጣው መሐንዲስ በወረቀት ነው ያሳየን። ወረቀቱ እስካሁን ቤቴ አለ» አሉኝ።

ያኛው ጉድጓድ ተቆፍሮ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የመንደሩ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው በአጠገባችን እያለፉ ነበር።