ያስታረቁን ሽማግሌ

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ነገር ሳስታውሰው ዛሬም ይገርመኛል። አስካለ የልጄ የክርስትና እናት ናት፤ ዘመሮ ከተማ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ታዲያ እናቴ ስትሞት ለቅሶ ሳትደርሰኝ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ ተውን።

ባለፈው ክረምት ከቀየት ገበያ ስመለስ፣ አስካለም የተሳፈረችበት መኪና ላይ ገጠምን፤ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ወርደን እንደቆምን በረዶ ይወርድብን ጀመር። ጃንጥላ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምን ላድርግ? አስጠለልኳት። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«አስካለ፣ እንዴት የእናቴን ለቅሶ ትቀሪያለሽ?»

«‹ደጄን እንዳትረግጥ› ያልሽው አንቺ!»

«እኔ? ‹የእሷ ለቅሶ ምኔ ነው› ብለሽ የቀረሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ጋሽ ታደሰ!»

«ወይ ጉድ! ለእኔም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው!»

ጋሽ ታደሰ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ ዳኙኝ ብሎ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ይሄኔ አጠገባችን የቆመች ሌላ የሰፈራችን ሴት፣ «እኔንም ከእህቴ ያቆራረጡኝ እሳቸው ናቸው!» ብላ ጮኸች። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን።

በማግስቱ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን የእድሩ ዳኛ የሚመረጥበት ስብሰባ ገባን። ዛሬማ ጉዳቸውን እናወጣዋለን! ገና አፋችንን ሳንከፍት ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እልል በሉ እንጂ! ስንት ለፍቼ ያስታረቅኳቸው ልጆቼ መጡላችሁ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ቄሱ ቆመው መረቋቸው። እልልታው ሳይበርድም ጋሽ ታደሰ በሙሉ ድምፅ የእድሩ ዳኛ ሆነው ተመረጡ።