«የአምላኩ ክንድ»ን ማን ሠራው?

በዛች ስትናደድ አታለቅስም፤ ትበይዳለች። መካነ ሰላም ውስጥ ብረት የምትበይድ ሴት እሷ ብቻ ናት። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ አምላኩ ነው ይባላል። ውሸት ነው! አምላኩ በራፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ይውላል እንጂ የብየዳ መነጽር አድርጎ አያውቅም። ዓረብ አገር በፈሰሰ ላቧ ጋራዡን የከፈተችው እሷ፣ ጣቷን እያቃጠለች የተማረችው እሷ። በሩ ላይ የተጻፈው ግን «አምላኩ ጋራዥ» ነው፤ ሴት በምትበይድበት ቤት ደንበኛ አይገባም ተብሎ።

ወደ ዓባይ የሚወስደውን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። ሰው የጫነች ሞተር ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን ትደፋለች። የፊት ጎማውን የያዙት ሁለት ቱቦዎች መምራቱም በእነሱ፣ መሸከሙም በእነሱ ነውና ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። በዛች አንድ ክረምት ስትፈታና ስትገጥም ከርማ ሁለቱን ሥራ ለያየች። ከሞተሯ አካል ወደ ፊት የሚዘረጋ ክንድ ሠርታ ንጥረቱን የሚውጠውን አሞርዛተር እሱ ላይ አሳረፈች። ሸክሙን ክንዱ ያዘ፤ ለቱቦዎቹ ጎማውን መምራት ብቻ ቀራቸው። ሞተሯም ቁልቁለት ላይ ሳትደፋ መቆም ጀመረች።

ከተማው ምን አለ? «የአምላኩ ክንድ!» በስልክ ሊቀርጹ የመጡ ወጣቶች «ማን ፈጠረው?» ሲሉ አምላኩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የእሷን መነጽር ግንባሩ ላይ ሰክቶ፣ «ብዙ ተመራምሬበታለሁ» አለ። በዛች ሞተሯ እንዳትወድቅ ከኋላ ይዛ ስለነበር ቪዲዮው ላይ የታየው እጇ ብቻ ነው። ከአጅባር እስከ ደጎሎ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። እናታቸው እትዬ የትምወርቅ እንኳ «ወንድምሽ አይደል፤ ምን ይለያችኋል?» አሏት። ምን ይለያችኋል!

ከዚያ አህመዲን ወደቀ። አህመዲን ወደ ዓባይ ሰው የሚያመላልስ፣ ክንዱን ከእነሱ ጋራዥ ያስገጠመ ሞተረኛ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ክንዱ ከብየዳው ጠርዝ ተገንጥሎ ከነሞተሩ ተገለበጠ፤ ጭኑ ተሰበረ። በዛች ብረቱን ስታየው ወዲያው ገባት። ከሱ የጠነከረ የለም ብላ ክንዱን የሠራችው የአይሱዙን ጭነት ከሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ከባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ደግሞ ብየዳ ከነካው ይሰነጠቃል።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አምላኩ ገና ሳይጠየቅ «እኔ ምን አውቃለሁ? ሐሳቡም ብየዳውም የሷ ነው» አለ። ሲያስመሰግን የሱ፣ ሲያስጠይቅ የሷ!

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት ጋሽ ሙላው ወደ በዛች ዞሩ። «ስሚ ልጄ፤ የምትሠሩት አብራችሁ ነው። ዝም ካልሽ ጥፋቱን ለሁለታችሁ እናካፍለዋለን። የኔ ነው ካልሽ ግን ካሳውም፣ አህመዲን እስኪድን ቤቱን መጦሩም ባንቺ ይወድቃል።»

እትዬ የትምወርቅ ከጥግ ሆነው ዝም እንድትል በዓይናቸው ለመኗት።

«ጋሽ ሙላው፣ የኔ ነው!» ድምጿ ከግቢ ውጭ ተሰማ። «ክንዱም የኔ፣ ብየዳውም የኔ፣ ጥፋቱም የኔ! ይሄ ሰውዬ አንድ ብሎን አላጠበቀበትም። ሰው ሁሉ ይስማ!»

አምላኩ በረጅሙ ተነፈሰ። እሷ ግን ሳታየው ወጥታ በቀጥታ ወደ አህመዲን ቤት ሄደች።

አህመዲን እግሩ ታስሮ ተኝቷል። «አፉ በለኝ» አለችው።

«አንቺ ምን በወጣሽ?» አለ። «የገደለኝ ያ ወንድምሽ ነው። አላህ የእጁን ይስጠው!»

በዛች ደሟ ፈላ። «እርግማኑንም ለሱ?» ብላ ጮኸች። «የሠራሁት እኔ ነኝ! በባሌስትራ ሠርቼ የሰበርኩህ እኔ ነኝ። ከረገምክ በስሜ ጠርተህ እርገመኝ!»

አህመዲን ከትራሱ ቀና ብሎ አያት። ቀስ በቀስ ፊቱ በንዴት ቀላ።

«በዛች፣ እጅሽ ይሰበር!» አላት።

ስሟንና እጇን አንድ ላይ የጠራ ሰው ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።