የሉጥፊያ ሁለት ደቂቃ

ማዚንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቱ ሉጥፊያ የወሎ ሰው ናት፤ የሰው ቤት እየሠራች ነው ያሳደገችው። ሱዳናዊ አባቱ ልጁ አፉን ሳይፈታ ሞተ። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ከስልክ መጠገኛ ሱቄ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሃያ ዓመት ኖሩ። እኔና ሉጥፊያ ስንነታረክ ሰፈሩ ይስቅብን ነበር። "አንተ በየነ፣ ስልክ የሚሞተው አንተ ስትነካው ነው!" ትለኛለች፣ ከመንገድ ማዶ በሚሰማው ቀጭን ድምጿ።

በዚያ የሰው ልብስ በሚያጥብ እጇ ልጇን ኢንጂነር አደረገችው። እንዴት እንደቻለች አትጠይቁኝ።

ማዚን የተቀጠረው ሬዲዮ መገናኛ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ወደ ድንበር ከተማዋ ገላባት ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮች ሌላ ጆሮ ሳይገባባቸው እንዲነጋገሩ ነው ሥራው። በአረብኛ አጎቴ ሲል አሞ ይለኛል፤ አንድ ቀን አስረዳኝ።

"አሞ፣ ድምፁን አንልክም። ማሽኑ ይሰማና ይለካል፤ ጉሮሮው ምን ያህል ቀጠነ፣ አፉ እንዴት ተከፈተ። ቁጥሩን ብቻ ቆልፈን እንልካለን። እዚያ ያለው ማሽን ከቁጥሩ አዲስ ድምፅ ይሠራል። በሰከንድ ሁለት ሺህ አራት መቶ ቢት፣ ኸላስ፣ በቃ። ደረጃው ይሄ ነው፤ ደካማ ሬዲዮ ከዚህ በላይ አይችልም።"

"የሰውየው የራሱ ድምፅስ?"

"ይቀራል። ቃሉ ይድረስ እንጂ።"

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ማሽኑን ሊፈትኑ ተነሱ። የሴት ቀጭን ድምፅ ያስቸግረዋል አሉ። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆኑ አማርኛ የምትናገር ሴት ተፈለገች። ማዚን እናቱን ወሰደ። ማንበብ ስለማትችል "ዝም ብለሽ ሁለት ደቂቃ አውሪ" አላት። ለሷ ስልክም ማይክም አንድ ነው፤ በየጁምዓው ወሎ ላለችው እናቷ ስትደውል እንደምታወራው አወራች። እኔ የሰማሁትን እንድጽፍ ተጠርቼ፣ ማን እንደሚናገር ሳይነገረኝ፣ በሌላ ክፍል ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከመቶ ቃል ስምንት ብቻ ሳትኩ፤ አጨበጨቡ።

"ይቺ ቆርቆሮ ውስጥ የምታወራ ሴትዮ ማናት?" አልኩ። ሉጥፊያ ናት ሲሉኝ ሳቅሁ። ሃያ ዓመት የተነታረክኋትን ሴት አላወቅኋትም፣ እኔ ግን ሳቅሁ።

ዋናው ቅጂ በዚያው ቀን ተደመሰሰ። ምስጢር የሚጠብቅ ቤት የሰው ድምፅ አያስቀምጥም፣ ደንባቸው ነው። ደንቡን የጻፈው ማዚን፣ ያጠፋውም ማዚን። የማሽኑ ቅጂ ብቻ ቀረ።

ከአምስት ወር በኋላ ሉጥፊያ በኩላሊት በሽታ ሶባ ሆስፒታል ተኝታ ሞተች። ድምጿ ሌላ የትም አልተቀዳም።

ወንድሟ ሙሄዲን ከወሎ ለማዚን ደወለ። መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ነው። "እናታችን ልቧ ደካማ ነው። ብቻዋን በስልክ እንዳትሰማ፣ በአላህ! ሁላችንም እሑድ እሷ ዘንድ እንደርሳለን። ይቺን ጁምዓ ብቻ አሳልፍልን።" አሮጊቷን ግን ሦስት ጁምዓ "ሥራ ላይ ናት" እያሉ ሸንግለዋታል። አሁን የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ እህል አልቀምስም ብላለች።

ማዚን ላፕቶፑን ታቅፎ ሱቄ መጣ። "አሞ፣ ሁለት ደቂቃ አለኝ" አለኝ።

እኔ እንኳ አላወቅኋትም ልለው ይገባ ነበር። ዓይኑን አየሁና አፌን ያዝኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ደወለና ስልኩን ከላፕቶፑ አስጠግቶ የማሽኑን ቅጂ ከፈተ። "እማዬ፣ ደህና ነኝ። አታስቢ። ልጁም ደህና ነው…" ቃሉ አንድም አልጎደለም። ትንፋሽ የለውም እንጂ።

ወዲያ ማዶ ያለችው እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

"ቃሉ የልጄ ነው" አለች አሮጊቷ። "የምትናገረው ማን ናት?"

"ሀቦባ፣ አያቴ፣ ኔትወርኩ ነው። ወላሂ፣ ኔትወርኩ…"

"የኔ ዓለም፣ ልጄ ብትኖር ሌላ ሴት በሷ ስም ታናግረኛለች? መቼ ሞተች?"

ማዚን አለቀሰ። ልቅሶው መለሰላት። ጩኸቷን ሰማን፤ ከዚያ ስልኩ ሲወድቅ። ብቻዋን ነበረች። የሚደግፋት ሰው እስኪገባ ድረስ እኛ ካርቱም ተቀምጠን እናዳምጣለን፣ መስመሩን መዝጋት አቅቶን።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ የሚነግሯት ነገር አልቀረም። ፀጉሯን ነጭታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኟት።

ከወር በኋላ ለማዚን ደውላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ "ባንተ ጆሮ ላይ እንኳ ድምጿ አለ አይደል?"

"አለ፣ ሀቦባ" አላት።

ስልኩን ዘግቶ ወደኔ ዞረ። "አሞ፣ ዋሸሁ። ሳስታውሳት የሚመጣብኝ የማሽኑ ድምፅ ነው። ያኔ ስትሰድብህ እንዴት ነበር የምትለው?"

ላሰማው ብዬ "አንተ በየነ…" አልኩ። የወጣው የራሴ ድምፅ ነበር።