ሸቤ አጠገብ የሞትኩ ዕለት

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። የሞትኩት ሸቤ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

ጅማ ከተማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ግድግዳ የምንጋራ ቅመም ሻጭ ጎረቤት አለችኝ። አንድ ቀን ሱቄ ገብታ፣ «አንቺ፣ ተዋናይ ሆነናል» አለችኝ። ሰላም ለማስከበር ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ወታደሮች ልምምድ ሊያደርጉ ነው፤ የመንደር ሰው ሆነው የሚጫወቱ ሰዎች ይፈለጋሉ ሲባል ሰምታ፣ ሳትጠይቀኝ አስመዝግባኝ መጥታለች።

«እኔ ትያትር የት አውቄ?»

«ለደንበኛ ‹ነገ ይደርሳል› ስትዪ የማያምንሽ አለ? ወላሂ፣ ከዚህ በላይ ትያትር የለም።»

ሄድን። የቡናው ሥራ አልቆ ስለነበር ማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶአቸውን ተደርድረዋል። ልምምዱን የሚመሩት ብዙ ግዳጅ ወጥተው የተመለሱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ኮሎኔል ነበሩ። ሰብስበው አመሰገኑን። «ድሮ ለልምምድ የምናቆመው የካርቶን ሰው ነበር» አሉ። «ካርቶን አይፈራም፣ አይሳደብም፣ አይደብቅም። ልጆቼ እዚያ ሲደርሱ የሚያገኙት ግን ሰው ነው።»

ከዚያ ለያንዳንዳችን ወረቀት ታደለን። የኔ እንዲህ ይላል፦ «ተፈናቃይ እናት። ወደ ወንዝ በሚወስደው መንገድ የታጠቁ ሰዎች ሲመላለሱ አይታለች። ካልተጠየቀች አትናገርም።» የጎረቤቴ ደግሞ፦ «የገበያ ሴት። ቁጡ።» አንብባ ስትጨርስ፣ «ለዚህማ ልምምድ አያስፈልገኝም» አለች።

ሁለት መኪኖች አቧራቸውን እያቦነኑ ገቡ። ከፊተኛው አንድ ወጣት ሻምበል ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ወረደና፣ አንድ እጁን የመኪናው በር ላይ አሳርፎ ቆመ። አስተርጓሚውን የመንደሩ ሽማግሌ ሆነው ወደሚጫወቱት ላከ።

«የጸጥታ ችግር አለ ወይ?»

«የለም» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ወረቀታቸው እንደዚያ ነው የሚለው።

እኔ ባዶ ጀሪካን ይዤ እዚያው ቆሜአለሁ። ጠይቁኝ እያልኩ ሳልኩ። ጀሪካኑን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። በመጨረሻ ሻምበሉ አየኝ። «እማማ፣ መኪናው እንዳይገጭዎት ራቅ ይበሉ» አለኝ። የሆነ ነገር ጻፈና ተሳፍረው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ፊሽካ ተነፋ። መንደሩ ተጠቃ ማለት ነው። አንድ አሰልጣኝ መጥቶ ክንዴ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረና በትሕትና፣ «እርስዎ ሞተዋል፣ ይተኙ» አለኝ። ጭቃ የሌለበት ቦታ መርጬ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ተኛሁ።

ጎረቤቴ አጠገቤ ተንበረከከች። «በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ሙሾ አይፈቀድም» ብላ አንሾካሾከች፤ «ግን ላልሞተ ሰው የተባለ ነገር የለም።» ከዚያ እሪታዋን ለቀቀችው። «ወይኔ ልብስ ሰፊዋ! ወይኔ ጓደኛዬ! ቀሚሴን ሳትጨርሺልኝ!» እኔ በነጠላዬ ሥር ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሻለሁ።

የረሳነው ነገር ቢኖር ከግቢው ማዶ እውነተኛ ሰዎች መኖራቸውን ነው። እሪታ የሰማ የሸቤ ገበሬ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ ዱላ፣ ሌላው መቆፈሪያ እንደያዘ፣ ሴቱ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» እያለ እየሮጠ መጣ።

ሻምበሉም በዚያው ሰዓት ተመልሶ ደርሷል። ሕዝቡን ሲያይ ደነገጠ። «ቁሙ!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። የቆመ የለም። ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ግን የተመደበው የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ ስለሚያውቅ ነው፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አይችልም።

ልነሳ ስል ጎረቤቴ ደረቴን ይዛ መለሰችኝ። «ተኚ! አሁን ብትነሺ በድንጋጤ እውነተኛ ሟች ይኖረናል።»

ያኔ ከኋለኛው መኪና አንዲት ወታደር ዘላ ወረደች። ኦሮምኛ አፏን የፈታችበት የሊሙ ልጅ ናት፤ ሬዲዮ ጠብቂ ተብላ ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ተቀምጣለች። ቆቧን አውልቃ፣ «አካም ቡልተን!» እንዴት አደራችሁ እያለች፣ እጃቸውን እየጨበጠች ሕዝቡ መሀል ገባች። «ሌንጂ ዳ! ህን ዱኔ!» ልምምድ ነው፣ አልሞተችም። ሰዉ ግን በወሬ የሚያምን አልሆነም። አንዲት አሮጊት ቀርበው ነጠላዬን ገለጡና ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

«ናጋ» አልኳቸው፣ አንድ ዓይኔን ገልጬ። ሰላም ነኝ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዱላቸውን የተደገፉ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «በለቅሶ ይቀለዳል?» አሉ በኦሮምኛ። ልጅቷ ተረጎመችለት። ሻምበሉ መነጽሩን አወለቀ። «ይቅርታ እንዴት ነው የሚባለው?» ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። ጎንበስ ብሎ «ዲፋማ» አላቸው። ሽማግሌው አጠራሩን ሦስቴ አሳረሙትና ይቅር አሉት።

ከሰዓት በኋላ ማጠቢያው ጣሪያ ሥር ተሰበሰብን። ኮሎኔሉ ሻምበሉን፣ «የጠዋቱ ሪፖርትህ ምን ይላል?» አሉት።

ሻምበሉ ወረቀቱን አየ። ሟቿ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሙዝ እበላለሁ። «አካባቢው የተረጋጋ ነው ይላል፣ ጌታዬ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። «እኔም እንደዚያ ብዬ ጽፌ አውቃለሁ» አሉ። «አንድ መንደር ነበር። በየቀኑ በመኪና እናልፋለን፣ በየቀኑ ‹የተረጋጋ› እንላለን። ሴቶቹ ወንዝ መውረድ ከተዉ ሰንብተዋል። ከመኪና ላይ የሚታየው ውኃ የሚቀዳ ሰው ነው፤ መቅዳት የፈራው አይታይም። ለምን እንደፈሩ ካወቅን በኋላ ደግሞ እንግባ ወይ ብለን ወደ ላይ ጠየቅን። ሥልጣናችሁ እስከዚህ ነው፣ ጠብቁ ተባልን። መልሱ ሲመጣ ረፍዶ ነበር። እሱን እኔ ብቻዬን አልለውጠውም። ከመኪና መውረድን ግን የከለከለን አልነበረም።»

በማግስቱ ሻምበሉ በእግሩ መጣ። የሊሙዋ ልጅ ከጎኑ ናት። ማድረቂያው አልጋ ጠርዝ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ልጅቷ፣ «እናቴ፣ ውኃ ከየት ነው የሚቀዱት?» አለችኝ።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የወንዙን መንገድ፣ የታጠቁትን ሰዎች፣ በየት እንደሚመጡ፣ በየት እንደሚሄዱ ዘከዘክሁት። አፌ አንዴ ተከፍቷልና ወረቀቱ ካለቀም በኋላ ቀጠልኩ። የሰፈሬ ቧንቧ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ በመጣ ቀን ደግሞ ቡናማ እንደሆነ ሁሉ ነገርኳቸው። ሻምበሉ ሁሉንም ይጽፋል። «ቡናማ ሲሆን ሽታ አለው?» ይለኛል።

ልጅቷ ሳቀች። «ሻምበል፣ እሱ እንኳ የጅማ ነው» አለችው።

በዚያ ቀን ፊሽካው ሲነፋ ወታደሮቹ የወንዙን መንገድ ይዘው ጠበቁ። እኔም ሳልሞት ዋልኩ።

ወታደሮቹ ወደ ግዳጃቸው ከሄዱ በኋላ ኮሎኔሉ ለሚቀጥለው ዙር ሊያማክሩን ሱቄ ድረስ መጡ። የሊሙዋ ልጅ እዚያ በእግር የሚዞረውን ቡድን እየመራች መሆኗን ነገሩን። የሰዎቹን ሚና በዚህ ዙር እኛ እንድንጽፍላቸው ፈለጉ።

«አንድ የሚዋሽ ሰው ይጨመር» አለች ጎረቤቴ። «ልጆቹ እውነት የሚናገር ሰው ብቻ ካገኙ ተበላሹ።»

«ማን ይጫወተዋል?» አሉ ኮሎኔሉ፣ ብዕራቸውን አውጥተው።

ጎረቤቴና እኔ ተያየንና እኩል የአንድ ሰው ስም ጠራን፤ ከሱቃችን ማዶ የሚኖር ጎረቤታችንን። ሰውየው እስከ ዛሬ የተመረጠው በመልኩ ይመስለዋል።